የእህቴን መግል ይዤ ከቆቦ ደሴ

ሰው መንገድ የሚወጣው ለንግድ፣ ለዘመድ ወይም ለዝያራ ነው። እኔ በዚያ ዓመት በጥር ወር ከቆቦ ደሴ ሁለት ጊዜ የተመላለስኩት የእህቴን መግል በብልቃጥ ይዤ ነው። ነውር ነው የሚል አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ያቁም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ልጄ ሊሆን የሚችል አስተማሪ ፊት ቁጭ ብዬ ነው። በዚያ ዕድሜ የተማረ ሰው ቃል ማሳመር አይሆንለትም። ያየውን ይጽፋል።

እህቴ ዘሀራ ትባላለች፤ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከቆቦ በታች፣ ሜዳው ላይ ካሉት መንደሮች ቅቤ እየሰበሰበች ቆቦ ገበያ ትሸጣለች። ቅቤ የሚገዛ ሰው በጣቱ ጫር አድርጎ ያሸታል። የዘሀራን ቅቤ ግን ማንም አያሸትም፤ እሷን አይቶ ይገዛል። ንጽሕናዋ ነው እንጀራዋ።

በኅዳር፣ ማሽላ ስናጭድ፣ ማጭድ ሾልኮ ተረከዟን በላት። ትንሽ ቁስል ነበር። ከሱቅ ቀይ በጥቁሩን እንክብል አምስት ፍሬ ገዝታ ዋጠች፤ ሲሻላት ተወችው። ተመልሶ ሲያብጥ ቀይ በቢጫውን ዋጠች፤ እሱንም ሲሻላት ተወችው። ከዚያ ጎረቤት ለላሟ ጡት ያስመጣችውን መርፌ ተካፈለች። እኛ አገር መድኃኒት የሚታወቀው በቀለሙ ነው፤ የሚቆመውም ሕመሙ ሲቆም ነው። እኔም አብሬ ገዝቼላታለሁ፤ ሌላውን ብቻ አልሳደብም።

ጥር ሲገባ እግሯ እስከ ጉልበቷ አበጠ፤ መሽተትም ጀመረ። ወልድያ ወስደን ያሳየናት ሐኪም አልሸፋፈነም። «አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ጀርሙ እኛ ጋ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ለምዶታል። የሚገድለው ካልተገኘ ከጉልበቷ በታች እቆርጠዋለሁ። ሦስት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ካለፈ እሷኑ ታጣላችሁ» አለ። ደሴ አንድ ላቦራቶሪ እንዳለ፣ ከአዲስ አበባም አዳዲስ መድኃኒቶችን እንዲህ ባለው እንቢተኛ ጀርም ላይ የሚፈትን ተመራማሪ ለጥቂት ወራት እንደመጣ የነገረን እሱ ነው። መግሉ ተወስዶ እዚያ ይመርመር አለ።

ዘሀራ «እቆርጠዋለሁ» የሚለውን ብቻ ሰማች። ቤቷ ገብታ ተኛች። «ከእግሬ ጋር ነው የምቀበረው። ሁለተኛ ሐኪም ቤት ደጅ አታዩኝም» አለች። ስለዚህ መግሉን የምትወስድ ነርስ ቤት ድረስ መምጣት ነበረባት፤ አመላላሹ ደግሞ እኔ።

ሰኞ፣ ቤት

ነርሷ ሲስተር ሙሉ ትባላለች። ቀድማ ልካብን ነበር፦ አምስት ቀን ምንም መድኃኒት እንዳትውጥ። አልዋጠችም፤ ምስክር ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ዘሀራ ጠራችኝ። «ሰይዴ፣ ሲስተር እንግዳ ናት። በዚህ ሽታ ላይ ነው የምናስገባት?»

ልክ ነሽ አልኳት። ውሃ አፈላሁ፤ ጨው ጨመርኩበት፤ ሽታውን እንዲቆርጥልኝ በረኪናም ጠብ አደረግኩበት። ቁስሉን አጠብኩላት። ከቀይ በቢጫው የቀሩትን ፍሬዎች ፈልቅቄ ዱቄቱን ነሰነስኩበት። ዱቄቱ ቁስል ያደርቃል ይባላል፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። አዲስ ሻሽ ጠቀለልንበት፤ ቤቱም ተጠረገ።

ሲስተር ሙሉ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ መጣች። ባጃጁ እየጠበቃት ስለነበር ቸኩላለች። ሻሹን ፈትታ «እንዴት አድርጋችሁ በንጽሕና ይዛችሁታል» አለችን። ዘሀራ ደስ አላት። ሲስተር ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ወደ ቁስሉ አስገብታ አዟዟረችውና ብልቃጥ ውስጥ ከተተችው። ብልቃጡን ክትባት በሚያዝበት የበረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ሰጠችኝ። «ፀሐይ እንዳይነካው፣ አያ ሰይድ። ነገ ደሴ ይድረስ» አለች። ያን ሌሊት ቆቦ ዘመድ ቤት አደርኩ፤ ሳጥኑም ራስጌዬ አደረ።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ቆቦ

መናኸሪያው ገና አልሞቀም። የወልድያ ሚኒባስ ሃያ ብር ነው። ረዳቱ ሳጥኑን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«አባት፣ እሱ ላይ ይጫን።»

«አይጫንም። ፀሐይ አይወድም።»

«ታዲያ ጭንዎ ላይ ይያዙት፤ ሌላ ቦታ የለም።»

ጭኔ ላይ ያዝኩት። አጠገቤ የጎብዬ ሽንኩርት ነጋዴ፣ ወፈር ያለች ሴት ተቀምጣለች። ሮቢት እስክንደርስ ሳጥኑን ስታይ ቆየችና አላስቻላትም።

«እርጎ ነው ወንድሜ? ለታማሚ ነው?»

«መግል ነው» አልኳት።

«ምን?»

«የእህቴ እግር መግል። ደሴ ላስመረምረው ነው።»

ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እስከ መስኮቱ ተጠጋች። ከኋላ አንዱ «ወራጅ አለ» ብሎ ሳቀ። ረዳቱ «ለዚህ ዓይነት ዕቃ ታሪፍ አልወጣለትም» አለ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ክዳኑ ይገጥማል ግን?»

«ካንተ በር ይሻላል» አልኩት። በሩ በገመድ ነበር የታሰረው።

በግራ በኩል ሜዳው እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ተዘርግቷል። ማሽላው ታጭዶ ጉቶው ቀርቷል፤ አገዳው በየማሳው ተከምሯል። አንዳንዱ ማሳ ላይ የቀጨጨ ዘለላ እንዳለ ቆሟል፤ አቀንጭራ የበላው ነው። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ከመሬት በታች የሚመጥ አረም ነው። ላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ አበባውን ብትነቅል ምንም አታመጣም። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ጎብዬ ላይ ሴትየዋ ወረደች። ወርዳ ግን አልሄደችም፤ በመስኮቱ በኩል ተመለሰች። «የእኔም ባል ጀርባው ላይ እንዲሁ ወጥቶበት ነበር። እንዲህ ይዞለት የሚሄድ አላገኘም» አለች። ሁለት ራስ ሽንኩርት ጭኔ ላይ ጣለች። «እግዜር ይማራት።» ሽንኩርቱን ኪሴ ከተትኩት።

አላውሃን ተሻግረን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወልድያ ገባን። በረዶው ግማሹ ቀልጧል። ጭማቂ ቤት ገብቼ በረዶ ስለምን ባለቤቷ «ለምን?» አለችኝ። ከሚኒባሱ ተምሬያለሁ፤ «ለመድኃኒት ነው» አልኳት። በላስቲክ የረጋ ውሃ ሦስት ሰጠችኝ፤ ብርም አልተቀበለችኝም። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ከበር ትመልሰኝ ነበር።

ከወልድያ ደሴ በአውቶብስ ነው። መርሳ ላይ ብርቱካን በሰሐን በመስኮት ያስገባሉ፤ ገዝቼ በላሁ። ውርጌሳን፣ ውጫሌን አለፍን። ሐይቅ ስንደርስ ውሃው በስተግራ አበራ። ከዚያ መንገዱ ወደ ላይ ይጠማዘዛል፤ ብርዱም በመስኮት ይገባል። የቆላ ሰው ደሴ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሁሉ ካፖርት መልበሱን ነው። ቀጥሎ የሚያየው የራሱን ቀጭን ኩታ ነው።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ

ላቦራቶሪው ቤተ መንግሥት አይደለም። አንድ ጠባብ ኮሪደር፣ ሦስት ክፍል፣ አንድ የሚያጉረመርም ፍሪጅ። ተመራማሪው ዮናስ የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፤ ልጅ የምለው ከእኔ አንጻር ነው እንጂ ሠላሳውን አልፏል። ብልቃጡን ተቀበለኝ፤ ከየት እንደመጣሁና መቼ እንደተወሰደ ጻፈ። «መድኃኒት አቁማ ነበር?» አለ። «አምስት ቀን ሙሉ። እኔ ምስክር ነኝ» አልኩት።

ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኩት። መልስ አይሰጠኝም ብዬ ነበር፤ የተማረ ሰው ለኩታ ለባሽ አያስረዳም። እሱ ግን ክፍት በር ላይ አቁሞ አስረዳኝ።

«ጀርሙን እንዘራዋለን፣ ጋሼ። ሳህኑ ላይ ያለው እንደ ቅቤ የረጋ ነገር ምግቡ ነው። እዚያ ላይ በደንብ ከተዘራ በኋላ እነዚህን እንጥልበታለን።» ምስር የሚያህሉ ነጭ ክብ ወረቀቶች አሳየኝ። «እያንዳንዷ በአንድ ዓይነት መድኃኒት የተነከረች ናት። አድሮ ሲታይ መድኃኒቱ የሚገድለው ከሆነ ዙሪያዋ ራሰ በራ ይሆናል። ካልገደለው ጀርሙ እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል።»

«ባሕር ዛፍ ሥር ማሽላ እንደማይበቅለው» አልኩት።

«ልክ እንደሱ።»

ጠረጴዛው ላይ የተዘጋ ሳህን ነበር። ስድስት ወረቀቶች አሉበት፤ አንዷም ራሰ በራ የላትም። ነጭ ቡቃያ ሁሉንም ከቧቸዋል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የአንድ ሰው።»

«ሰውየውስ?»

«ሞቷል» አለ። ክዳኑን አስተካክሎ አስቀመጠው። «አዲሶቹን መድኃኒቶች በእሱ ጀርም ላይም እየፈተንናቸው ነው። ሐሙስ ይምጡ።»

ፒያሳ አካባቢ በስልሳ ብር አልጋ ያዝኩ፤ ብርድ ልብሱ አጭር ነው። ጠዋት ጠዋት ፉል እበላለሁ፤ ሸዋ በር መስጊድ እሰግዳለሁ፤ ቀሪውን ጊዜ ፀሐይ ያለበትን ግድግዳ እየተከተልኩ እቆማለሁ። ደሴን የሚያሞግስ ብዙ ሰው አለ። እኔ የማስታውሰው ግድግዳውን ነው።

ሐሙስ

ዮናስ ሳህኑን አውጥቶ አሳየኝ። ባዶ ነው። ወረቀቶቹን የሚከብ ምንም ቡቃያ የለም። ጮቤ ረገጥኩ።

«ሁሉም ገደሉት ማለት ነው?»

«አይደለም። ምንም አልበቀለም። እኛ ጋ የደረሰው ሞቶ ነው። ከሞተ ዘር ደግሞ ምንም ማወቅ አይቻልም።»

ያን ጊዜ ተናገርኩት። ከቆላ ስለመጣሁ ነው አልኩት። የባለ ሥልጣን እህት ብትሆን ይበቅል ነበር አልኩት። ሁለት ቀን በብርድ ያስቆማችሁኝ ባዶ ሳህን ልታሳዩኝ ነው ወይ አልኩት። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። ዮናስ ብልቃጡን ብርሃን ላይ ያዘው።

«ጋሼ፣ ይህ ጥጥ ለምን እንዲህ ብጫ ሆነ?»

«መግል ነዋ።»

«የመግል ብጫ እንዲህ አይደለም። ይሄ እንደ እርድ ነው።»

አየሁት፤ አወቅኩትም። ጣቶቼ ላይ ሰኞ ጠዋት የነበረው ቀለም ነው።

መዋሸት እችል ነበር። በረዶው ስለቀለጠ ነው ብዬ ሚኒባሱ ላይ ማላከክ እችል ነበር። ግን ከውሸቱ በኋላ ስንት ቀን ይተርፈናል ብዬ አሰብኩ። «ሲስተሯ እንግዳ ስለሆነች አጥቤው ነበር። በረኪና ጨምሬያለሁ። እንክብሉንም ፈልቅቄ ነስንሻለሁ» አልኩት።

አልሳቀም። «ሁሉም ሰው ለእንግዳ ቁስሉን ያሳምራል» አለ። «ስንቱን ብልቃጥ እንዲሁ ጥለናል መሰልዎ።»

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «መድኃኒቱን ለምዶታል እያላችሁ፣ ሞተ ትላለህ። ከለመደው እንዴት ገደለው?»

ፊቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታ አየሁ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥጧ ላይ ዱቄቱ እንደ ክምር ተከምሮበት፣ በረኪናም ተጨምሮበት ማን ይተርፋል? አጥንቷ ውስጥ ያለው ጋ ግን አይደርስም። ላዩን ነው ያሳመራችሁት፤ ውስጡ እንዳለ ነው።»

አቀንጭራ አልኩ በሆዴ። አበባውን ነው የነቀልኩት።

«ደግማችሁ ላኩ» አለ። «ለሦስት ቀን አይታጠብ፣ ምንም አይነስነስበት። ማጽዳት ካስፈለገ ሲስተሯ ራሷ በንጹሕ የጨው ውሃ ታጽዳው። እናንተ እጃችሁን አንሱ። ለእኔ ሽታው እንዳለ አምጡልኝ።»

ዓርብ፣ ቤት

ዘሀራን መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን በትራስ ላይ አድርጋ አገኘኋት።

«ተገኘ?»

«አልበቀለም።»

«ምኑ?»

«ጀርሙ። እኔ ገድዬዋለሁ።»

«ከገደልከው ታዲያ ተሻልኩ አይደል?»

«ብልቃጡ ውስጥ ነው የገደልኩት። እግርሽ ውስጥ ያለውማ ሰላም ነው።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሦስት ቀን አይታጠብም ስላት ፊቷ ተለወጠ።

«ሲስተር ሙሉ በዚህ ላይ ልትገባ?»

«አፍንጫዋን ትያዝ።»

«ምላስህ እንደ ማጭዱ ነው። እኔ ቅቤ ሻጭ ነኝ፣ ሰይዴ። አንድ ሰው ‹የዘሀራ ቤት ይሸታል› ካለ ዳግመኛ ከእኔ ማን ይገዛል?»

«እግር የሌላት ቅቤ ሻጭስ በምኗ ዞራ ትሰበስባለች?»

ነጠላዋን እግሯ ላይ ሳብ አደረገች። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፀጉሬን የምትላጨኝ፣ ልብሴን የምታጥብልኝ እሷ ነበረች። ቆሽሼ ከሰው ፊት አቁማኝ አታውቅም። ያን ቀን እኔ ያንን ነበር የጠየቅኳት።

«አንድ ነገር ግን እሺ በለኝ» አለች በመጨረሻ። «ሰው አይግባ። በሩን ዝጋና ደጅ ቁጭ በል። ለመጣው ሁሉ ‹ተኝታለች› በል።»

እኛ አገር ታማሚ መጠየቅ ግዴታ ነው። ያልጠየቀ ሰው ይታማል፤ ጠያቂ የሚከለክል ግን ከዚያ በላይ ይታማል። ሦስት ቀን ግራር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስመልስ ዋልኩ። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። ሁሉንም «ተኝታለች» አልኩ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤታችን አያ ሙሄ በትሩን ተደግፎ ቆመ።

«ዛሬም ተኝታለች?»

«ተኝታለች።»

«ትናንት ጠዋት ተኝታለች፣ ማታ ተኝታለች። አንተዬ፣ ከሞተች ንገረንና እንቅበራት።»

«አልሞተችም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? በግ ናት እንዳትሰረቅ?»

«አያ ሙሄ፣ ሂድልኝ።»

«እሄዳለሁ። ደብተር ይዘህ መዞር ከጀመርክ ወዲህ ሰው ጠልተሃል» ብሎ ሄደ። ማታውን መንደሩ ‹ሰይድ የእህቱን ቤት ሊወርስ ዘግቶባታል› ሲል አመሸ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ዘሀራ ናት፤ በግድግዳው በኩል ሰምታ። ስቃ ነገረችኝ። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሽታው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ደጅ ድረስ ይወጣ ነበር።

ሰኞ ሲስተር ሙሉ ስትመጣ ዘሀራ እግሯን ዘረጋች፤ ፊቷን ግን በነጠላዋ ሸፈነች። ሲስተሯ አፍንጫዋን አልያዘችም። ላዩን በጨው ውሃ አጥባ፣ ጥጡን ወደ ጥልቁ አስገብታ አወጣች። ጥጡን አየሁት፤ ግራጫ ነው፤ እርድ የለበትም። ባለፈው ቢጫውን ዱቄት አለማየቷን አስባ ይሁን አላውቅም፤ ስትወጣ ዓይኔን አላየችም። እኔም አልተናገርኳት። ሁለታችንም አጥፍተናል።

ሁለተኛው ጉዞ

ስለ ሁለተኛው መንገድ ብዙ የምጽፈው የለኝም። መንገዱ ያው ነው፤ ሹፌሩም ያው ሆኖ ተገኘ። ረዳቱ ሲያየኝ «ባለ ሳጥኑ» ብሎ ከፊት ወንበር ሰጠኝ። ጎብዬ ስንቆም ሽንኩርት ነጋዴዋን በዓይኔ ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም። የወልድያዋ ጭማቂ ቤት በረዶ ስትሰጠኝ ይህን ጊዜ እውነቱን ነገርኳት። «ታዲያ ምን አለበት» አለች። ሰው ላይ ቶሎ እፈርዳለሁ፤ ይህን ጸባዬን አውቀዋለሁ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዮናስ ሳህኖቹን አወጣ። በቅሎ ነበር። ወፍራም፣ ወርቅማ ቡቃያ። የእህቴ እግር ውስጥ የኖረው ይህ ነው ብዬ ትክ ብዬ አየሁት። ጠላትን በዓይን ማየት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ በአንድ አሳየኝ። ቀይ በጥቁሩ ጋ እስከ ጠርዙ በቅሏል። ቀይ በቢጫውም ጋ እንዲሁ። የላሟ መርፌም እንዲሁ። ወረቀቶቹ ቡቃያ ውስጥ ሰጥመዋል። ወደ ሌላኛው ሳህን ሲያልፍ ግን ትልቅ ራሰ በራ ክብ ታየኝ፤ የሻይ ሲኒ አፍ ያህላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲሱ ነው። የምፈትነው።»

«እሱን ስጠኛ።»

«የለም፣ ጋሼ። የመጣው ወረቀቷ ብቻ ናት። መድኃኒቱ ገና በሙከራ ላይ ነው።»

«ወረቀቷን ስጠኝ እንግዲያው። በውሃ አሟሙቼ አጠጣታለሁ።»

«ምስር የምታህል ወረቀት ናት። ከሳህኑ እንኳ ግማሹን አልገደለችም፤ አንድ ሰው ውስጥ ምን ታደርጋለች?»

«ታዲያ ምን ሊሠራልን ነው የምትፈትነው?»

«ይህን ጀርም አስቀምጠን ወደ ውጭ እንልከዋለን። አዲሱን መድኃኒት የሚሠሩት ሰዎች ከእኛ አገር ጀርም ጋር ያመዛዝኑታል። አንድ ቀን ይመጣል።»

ስለዚህ የራያ ቆላ ጀርም ከእኔ ቀድማ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው። መድኃኒቱ ለእሷ ተሠርቶ፣ በእሷ ተፈትኖ፣ እሷ ወደበቀለችበት እግር መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ይህንኑ ነገርኩት። «እውነትዎን ነው» አለኝ፤ አልተከራከረኝም። ከተማረ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጣቱን ሳህኑ ጥግ ላይ አደረገ። እዚያ ያለችው ወረቀት ዙሪያ ሌላ ክብ አለ፤ እንደ አዲሱ ሰፊ አይደለም፤ ግን ጥርት ያለ ነው።

«ይሄ ደግሞ አሮጌ ነው። ድሮ ይሰጥ ነበር፤ አሁን እዚህ አካባቢ የሚያዝዘው የለም። ሰው ረሳው፤ ሰው ሲረሳው ጀርሙም ረሳው። መደብር ውስጥ ይገኛል። ሐኪሙ ይየው፤ ለአጥንት የሚሆነውን መጠን እሱ ይወስን።»

ወረቀት ጻፈልኝ፤ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ የቆጠርኩት ፊደል እዚያ ላይ የለም። ተናደድኩ። ዮናስ ግን ሁለት ፊደሎች አስተማረኝ፦ በየመድኃኒቱ ስም ፊት ‹አር› ካለ እንቢ ብሏል፤ ‹ኤስ› ካለ ይገድለዋል። ከደሴ እስከ ወልድያ ወረቀቱን ስቆጥር መጣሁ። ከላይ እስከ ታች አር፣ አር፣ አር። አንድ ኤስ ለአዲሱ፣ አንድ ኤስ ለአሮጌው።

መመለስ

ወልድያ ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ያምጧት» አለ። «ልቆርጥ አይደለም፤ ልከፍተው ነው። የሞተውን አጥንት ጠርጌ ይህን እሰጣታለሁ። ከከሸፈ ግን ተመልሰን ወደ ጉልበቷ ነው።»

ቤት ስገባ ዘሀራ በሩን ራሷ ከፍታ ጠበቀችኝ፤ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ወረቀቱን አሳየኋት። «ይህ ምን ይላል?» አለች። ኤሱን በጣቴ አሳየኋት። «ይህ እግርሽ ነው» አልኳት። በማግስቱ ወልድያ ሄደች። ሁለተኛ የሐኪም ቤት ደጅ አታዩኝም ያለችውን አላነሳሁባትም።

ሐኪሙ ከተረከዟ የጣት ጥፍር የሚያህል የጠቆረ አጥንት አወጣ። ለብዙ ሳምንት ሲስተር ሙሉ እየተመላለሰች መርፌ ወጋቻት። እግሯ አለ። ታነክሳለች። የወልድያ ምልልሷ የበልግ ዝናብ ሳያልቅ አበቃ፤ ቅቤ መሰብሰብ የጀመረችው ግን ክረምት ሲገባ ነው። ገበያ የተመለሰች ቀን አንዲት የድሮ ደንበኛዋ ቅቤውን በጣቷ ጫር አድርጋ አሸተተች። ዘሀራ አየቻት ብቻ። ያቺ ሴት ሦስት ገበያ ስታሸት ከርማ በአራተኛው ተወችው።

ስሙን የማልጽፈው መድኃኒት አለ፤ አሮጌው። ስንቱ ሰው ጠይቆኛል፤ አያ ሙሄ ራሱ መጥቶ «ቀለሙን ብቻ ንገረኝ» ብሎኛል። አልነገርኩትም። ብነግረው ሳምንት ሳይሞላ ቆቦ ገበያ በችርቻሮ ይሸጣል፤ በሁለት ዓመት ውስጥም እሱም ወረቀቱ ላይ አር ይሆናል። አያ ሙሄ ይቀየመኛል። ይቀየመኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ያህል ነው፦ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጭማቂ ቤቷን ደግነት፣ የራሴን ጥፋት መልክ። እርድ ይመስላል።

ሲስተር ሙሉ ጠባሳውን ለማየት አሁንም አልፎ አልፎ ትመጣለች። ዘሀራ ቤቱን ትጠርጋለች፤ አዲስ ቀሚስ ትለብሳለች፤ እግሯን ግን ውሃ አታስነካም። እንደዚያው ሳታጥብ ትዘረጋዋለች፤ ሲስተር እስክትጨርስ ድረስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትቆያለች።